በትንሽ ከተማ የኮንሰርትና የፊልም ሲዝን እንዴት ይዘጋጃል? ከቀን ቆረጣ እስከ ወንበር መመለስ

አንድ ኮንሰርት ማዘጋጀት ሌላ፣ ሲዝን ማዘጋጀት ሌላ። አንዱንማ ማንም ደፋር ልጅ ከአዲስ አበባ ስም ያለው ዘፋኝ አምጥቶ፣ ስታዲየም ተከራይቶ፣ ወይ አትርፎ ወይ ከስሮ ይገላገላል። ሲዝን ማለት ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት፣ በታወቀ አዳራሽ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው፣ አንድ እሁድ ማሲንቆ፣ በሁለተኛው ፊልም፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤት ባንድ፣ ሰውም ፖስተር ሳያይ "ዛሬ እሁዳችን ነው" ብሎ ከቤቱ ይወጣል። ይሄ መመሪያ ሲኒማ ቤት ለሌላቸው (ወይ ነበራቸው ተዘግቶ መጋዘን ለሆነባቸው)፣ አንድ የከተማ አዳራሽ እና ኪነ ጥበብ የሚወዱ አምስት ስድስት ሰዎች ላላቸው ከተሞች ነው። ከዛ በላይ ካላችሁ ጥሩ፣ ከዛ በታች ከሆናችሁ ግን ቆዩ፣ ሰው ጨምሩ።

አቋሜን ከአሁኑ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀን ላይ ተጨነቁ፣ ቀጥሎ ብራችሁን ድምፅ ላይ አውሉ፣ ዘፋኙ ሶስተኛ ነው። አብዛኛው ሰው ተገልብጦ ነው የሚጀምረው፣ ዘፋኙን ይይዛል፣ ለዘፋኙ ቀብድ ይከፍላል፣ ከዛ በተረፈችው ብር የሚያፏጭ ሞንታርቦ ተከራይቶ ህዝቡን ጆሮውን አሳምሞ ይሸኛል። እንደዛ የተሸኘ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይመጣም።

1. ኮሚቴና ህጋዊ ጥላ

ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይበቃል። ሀያ ሰው ያለው ኮሚቴ ስብሰባ እንጂ ስራ አይወጣውም። ስራው በስም ይከፋፈል፣ ደብዳቤ ይዞ ቢሮ ለቢሮ የሚሮጥ አንድ፣ ገንዘብ ያዥ አንድ፣ ድምፅና ፕሮጀክተር የሚይዝ አንድ፣ አርቲስት የሚያናግር አንድ፣ ማስታወቂያና በር የሚይዝ አንድ። ደብዳቤ የሚሮጠው ሰው በከተማው የሚታወቅ፣ ቢሻል ጡረታ የወጣ መምህር ወይ የድሮ የመንግስት ሰራተኛ ቢሆን ጥሩ ነው፣ በር ስለሚከፈትለት። በየከተማው ደግሞ በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድን ውስጥ የነበሩ ጋሼዎችና እትዬዎች አሉ፣ እነሱን ፈልጉ፣ አዳራሹ ውስጥ ድምፅ የት ጋር እንደሚጠፋ ሳይቀር ያውቃሉ።

ህጋዊ ነገሩ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በአዋጅ 1113/2011 መሰረት የራሳችሁን የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅት ማስመዝገብ ነው፣ ጊዜና ወረቀት ይፈልጋል። ሁለተኛው ደግሞ ባለ ጥላ ቤት ስር መስራት ነው፣ የከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽህፈት ቤት፣ የወጣቶች ማዕከል፣ ወይ የትምህርት ቤት ክበብ። ለመጀመሪያ አመት ሁለተኛውን ነው የምመክረው። ብቻ የብሩ ነገር ከመጀመሪያው ጥርት ይበል፣ ባንክ አካውንት በሁለት ፊርማ፣ እና የቲኬት ብር በማንም የግል ቴሌብር አይግባ። ሰውየው ቅዱስ ቢሆን እንኳን አይግባ፣ ምክንያቱም ከተማችሁ ትንሽ ናት፣ ወሬ ደግሞ ከባጃጅ ይፈጥናል።

2. ቀን መቁረጥ (እዚህ ጋር ተረጋጉ፣ ዋናው ስራ ይሄ ነው)

ካሌንደር አምጡ፣ የሚንጠለጠለውን የወረቀቱን። በቀይ የማይሆኑትን ቀኖች አጥፉ። አጽዋማት፣ በዓላት፣ የከተማው ንግስ፣ የፈተና ሰሞን፣ የከባድ ዝናብ ወራት። ከዛ የቀረውን ስታዩ አመቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይገባችኋል።

2019ን እንደ ምሳሌ እንስራው፣ ምክንያቱም ገና ሲዝን የሚጀምር ሰው የሚያቅደው ለሱ ነው። ጥቅምት 1 እሁድ ነው የሚውለው። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ብላችሁ ከያዛችሁት ጥቅምት 1፣ ጥቅምት 15፣ ጥቅምት 29 እና ህዳር 13 ይመጣላችኋል፣ ጾመ ነቢያት ህዳር 15 ይገባል፣ አራት ፕሮግራም ንጹህ በንጹህ ከጾሙ በፊት አለቀ ማለት ነው። መስከረምን ለምን ተውነው? እንቁጣጣሽ፣ ደመራ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ የሰው ኪስ ባዶ ነው፣ መንገዱም ጭቃው አልደረቀም። መስከረም የኮሚቴው የደብዳቤ ወር ይሁን።

ከገና በኋላ ጥር 16 እና ጥር 30 አሉ። ጥር 30ን የያዝኩት ያለ ምክንያት አይደለም፣ በ2019 ረመዳን ጨረቃዋ እንደተጠበቀችው ከታየች የካቲት 1 አካባቢ ይገባል፣ ሁዳዴ ደግሞ የካቲት 29 ሰኞ ይገባል፣ ማለትም አንዱ ሊወጣ ሲል ሌላው ይቀበለዋል። (በ2018 እኮ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር የገቡት፣ ለአዘጋጅ ያ ይሻል ነበር፣ አንዴ ተዘግቶ አንዴ ይከፈታል።) ስለዚህ ከየካቲት መጀመሪያ እስከ ፋሲካ፣ ፋሲካው ሚያዝያ 24 ነው፣ ዳንስና ከበሮ ያለበት ኮንሰርት አትያዙ። ከፋሲካ በኋላ ግንቦት 15 እና ግንቦት 29 ይያዙ፣ ግንቦት 8ን የዘለልኩት አረፋ እዛ አካባቢ ስለሚውል ነው። ሰኔ ሲገባ ዝናቡም የሰኔ ጾምም የተማሪ ፈተናም ይደራረባል፣ ዝጉ።

ግን በጾሙ ወራት አዳራሹ ጭር ይበል ማለት አይደለም። በጾመ ነቢያት ፊልም ማሳየት ብዙ ቦታ ችግር የለውም፣ በተለይ ዶክመንተሪ። በሁዳዴ ደግሞ በገና አለ! አስር አውታር፣ አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር፣ ያለ ሞንታርቦ፣ እንደውም በትንሽ አዳራሽ በገና ማይክ ቢቀርበትም ይሻለዋል፣ ሰዉ ጸጥ ካለ እስከ ኋላ ይሰማል። ለሲዝናችሁ በጣም ርካሹና ምናልባትም በጣም የሚወራለት ፕሮግራም ይሆናል። ብቻ ደርዳሪውን ቀድማችሁ አናግሩት፣ አንዳንዱ በገናን ቲኬት እየተቆረጠበት መደርደር አይፈልግም፣ ያኔ በነጻ አድርጉት።

ጥር የሰርግ ወር ነው። አዳራሹን፣ ሳውንዱን፣ ኪቦርዲስቱን፣ ዘፋኙን ሳይቀር ሰርግ ይወስድባችኋል፣ ዋጋውም ይንራል። የጥርን ቀን በመስከረም ያዙ፣ በመስከረም! ቀብድ ክፈሉ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ከፋሲካ በኋላም የሰርግ ሰሞን ነው፣ እሱም እንደዛው።

ሰዓቱስ? እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ምሳ በልቶ ቡና ጠጥቶ የሚወጣበት፣ ልጃገረዶችን ወላጅ የሚፈቅድበት፣ ከመጨለሙ በፊት ቤት የሚገባበት ሰዓት ነው። ማታ ካላችሁ ግማሹን ታዳሚ (በተለይ ሴቶቹን) ከመጀመሪያው ቀንሳችኋል። መስጊድ ቅርብ ከሆነ የሶላቱን ሰዓት ጠይቁና እረፍታችሁን እዛ ላይ አድርጉት፣ ይሄ አክብሮትም ነው፣ ደግሞ በአዛን መሀል ማንም ዘፋኝ መዝፈን አይፈልግም።

3. አዳራሹን በአካል ማየት

ሁለቴ ሂዱ፣ አንዴ ፕሮግራሙ በሚሆንበት ሰዓት፣ አንዴ ዝናብ እየዘነበ። ለምን ዝናብ? የቆርቆሮ ጣሪያ ኮርኒስ ከሌለው ዝናብ ሲመታው ፊልሙ ድምጽ አልባ ፊልም ይሆናል፣ ሞንታርቦውን ምን ያህል ብትከፍቱት አያሸንፈውም። እንደዛ ያለ አዳራሽ ለጥቅምትና ለጥር ይሆናል፣ በልግ ለሚዘንብበት አካባቢ ለግንቦት አይሆንም።

አጨብጭቡ። ባዶ አዳራሽ መሀል ቆማችሁ አንዴ ጮክ ብላችሁ አጨብጭቡ፣ ጭብጨባው ተመልሶ ከመጣ ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ ነው። ሰው ሲሞላ የተወሰነው ይጠፋል፣ ግን የኋላውን ግድግዳ በመጋረጃ፣ በምንጣፍ፣ ካጣችሁ በብርድ ልብስ ሸፍኑት። ድንጋይና መስታወት ሁሉ ድምፅ ይመልሳል፣ ጨርቅ ይውጣል፣ ነገሩ ይሄው ነው።

ለፊልም ደግሞ መስኮቱን ቁጠሩ። ቀን 9 ሰዓት ላይ ፊልም ማሳየት የሚቻለው አዳራሹ ከጨለመ ብቻ ነው። ጥቁር ላስቲክ በሜትር ተገዝቶ በሚስማርና በጣውላ ቁራጭ ከውጭ ይመታል፣ ለሲዝኑ በሙሉ ያገለግላል፣ የበሩ ላይ ድርብ መጋረጃ አትርሱ፣ ዘግይቶ የሚገባ ሰው በከፈተ ቁጥር ስክሪኑ ነጭ እንዳይሆን። መውጫ በሮችን ግን በምንም ተአምር አትዝጉ፣ አትቸንክሩ፣ ወንበርም አትደርድሩባቸው።

ሽንት ቤቱንም እዩ። ቁልፉ ማን ጋር እንዳለ ጠይቁ፣ እሁድ ሰውየው የት እንደሚውልም ጭምር።

4. ደብዳቤ

ለባህልና ቱሪዝም ጽህፈት ቤት ይጻፍ፣ ግልባጭ ለከንቲባ ጽህፈት ቤት፣ ለሰላምና ፀጥታ፣ ለፖሊስ። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም አዲስ ደብዳቤ ከመጻፍ የሲዝኑን ቀኖች በሙሉ በአንድ ደብዳቤ አስገቡ፣ ከስር ሰንጠረዥ አድርጉበት፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የፕሮግራሙ አይነት፣ የሚጠበቀው ሰው ብዛት፣ ሃላፊው ስልኩ። ገቢ ተደርጎ ማህተምና ቁጥር ያረፈበትን ቅጂ በፕላስቲክ አድርጋችሁ በየፕሮግራሙ በር ላይ ይዛችሁ ቁሙ። አንድ ፖሊስ መጥቶ "ፈቃድ አላችሁ?" ሲል በስልክ ሰው እየፈለጉ ሀያ ደቂቃ ከመቆም ያድናል። አካባቢው ላይ የሰዓት እላፊ ወይ ሌላ ገደብ ካለ እሱን ቀድማችሁ አጣሩ። ቲኬት ልትሸጡ ከሆነም ገቢዎች ጽህፈት ቤት ሄዳችሁ ምን እንደሚፈለግባችሁ ጠይቁ፣ ሳይጠይቁ መሸጥ በኋላ ራስ ምታት ነው።

የክብር እንግዳ መጋበዝ የግድ ነው፣ ይገባኛል። ግን የመክፈቻ ንግግር ሶስት ደቂቃ፣ በፕሮግራም ወረቀቱ ላይ "3 ደቂቃ" ተብሎ ይጻፍ፣ መድረክ መሪውም ያንብበው። ሰው ለማሲንቆ ነው የመጣው።

5. ምን እናቅርብ?

ከላይ የቆረጥናቸው ስምንት ቀኖች ናቸው፣ በጾም የሚጨመሩትን ሳንቆጥር። የኔ ድልድል አራት ሙዚቃ፣ ሶስት ፊልም፣ አንድ የተማሪዎች ቀን። መክፈቻውን ሁሌም በሙዚቃ፣ መዝጊያውን በተማሪዎች። ለምን ተማሪዎች? አንድ ልጅ መድረክ ላይ ከወጣ እናት፣ አባት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ ስድስት ሰው ይዞ ይመጣል፣ አዳራሹ ሞልቶ ሲዝኑ ይዘጋል።

ሙዚቃውን ከቅርብ ጀምሩ። በከተማችሁ አዝማሪ ቤት የሚጫወተው ማሲንቆ መቺ፣ የሰርግ ባንድ ውስጥ ያለው ሳክስፎኒስት፣ የፖሊስ ወይ የዞኑ ባህል ቡድን፣ ከትምህርት ቤት የወጣች ክራር የምትመታ ልጅ። አዝማሪን አዳራሽ ውስጥ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ስታመጡት ግን ነገሩ ይቀየራል፣ ሽልማት የለም፣ ግጥም የሚቀበል የለም፣ አዝማሪው ይቀዘቅዛል። መፍትሄው ወንበሩን በግማሽ ክብ ማድረግ፣ መብራቱን ሰው ላይም መተው፣ እና "ተቀበል!" የሚለውን እንዲል፣ ሰው ግጥም እንዲሰጠው መፍቀድ። ክፍያውን ደግሞ ቆርጣችሁ ንገሩት፣ "ሽልማት ታገኛለህ" ብሎ ማምጣት ነውር ነው።

ከተማችሁ ውስጥ ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚነገር ከሆነ (የማይነገርበት ከተማ የት አለ?) ሲዝኑ ያንን ይምሰል። ዲላም ሆነ አሰላ ሆነ ደሴ የአንድ ቋንቋ ብቻ ሲዝን ግማሽ ከተማ ውጭ ያስቀራል።

ከአዲስ አበባ እንግዳ አርቲስት በሲዝን አንዴ ይበቃል። ሆቴል፣ ትራንስፖርት፣ አበል፣ ባንዱ ስንት ሰው እንደሆነ፣ ሁሉም በጽሁፍ። "አራት ሰው ነን" ብለው ዘጠኝ ሆነው ይመጣሉ፣ እህታቸውንና ጓደኛቸውን ይዘው፣ ስለዚህ የአልጋ ቁጥር ውሉ ላይ ይጻፍ።

6. ፊልም፣ መጀመሪያ ፈቃዱ

ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ስላለ ማሳየት እችላለሁ ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ ማየት ሌላ፣ አዳራሽ ሰብስቦ ማሳየት ሌላ፣ በነጻም ቢሆን። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ለህዝብ ማሳየት የባለመብቱ መብት ነው፣ የኢኮኖሚ መብቱ ደግሞ ለአስርት አመታት ይቆያል፣ ስለዚህ "የድሮ ፊልም ነው" የሚለውም ብዙ ጊዜ አያስኬድም። የቪዲዮ ቤት ዘመን ልማድ ነው ያበላሸን።

አሰራሩ ቀላል ነው። ለፕሮዲውሰሩ ትጽፋላችሁ፣ የፊልሙ ስም፣ የሚታይበት ቀን፣ ስንት ጊዜ (አንዴ!)፣ የወንበር ብዛት፣ የቲኬት ዋጋ፣ እና ወይ ቁርጥ ክፍያ ወይ ከቲኬቱ ፐርሰንት። ሲኒማ ቤት ታይቶ ካበቃ ፊልም ላይ ብዙዎቹ አይጨክኑም፣ ዳይሬክተሩ ወይ አንዱ ተዋናይ ራሱ ሊመጣ ፈቃደኛ ይሆናል፣ ከፊልሙ በኋላ ሰው ጥያቄ ሲጠይቅ የሚሆነውን ነገር ማየት ነው፣ በትንሽ ከተማ ፊልም የሰራ ሰው በአይን ማየት ትልቅ ነገር ነው። የውጭ ፊልም ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ ያለውን ጎተ ኢንስቲትዩት ወይ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴስን ጠይቁ (አሊያንስ ድሬዳዋም አለ)፣ ፊልም ማሳየት የስራቸው አካል ስለሆነ ቢያንስ መብቱን ከማን እንደምትጠይቁ ይጠቁሟችኋል።

የምትጠይቁት ፋይል ነው፣ ሊንክ አይደለም። ኔት በእለቱ እንደሚኖር ማንም አያረጋግጥላችሁም።

7. ስክሪንና ፕሮጀክተር

አቡጀዲ። ሶስት ሜትር በሁለት፣ ልብስ ሰፊ ጋር ወስዳችሁ ስፌቱ አግድም እንዲሆን አሰፉት፣ በቱቦላሬ ፍሬም ላይ በገመድ አራቱንም ጎን ወጥሩት፣ ከጀርባው ጥቁር ጨርቅ ይደረብበት፣ አለበለዚያ ብርሃኑ አልፎ ይሄዳል ምስሉም ይገረጣል። የስክሪኑ የታችኛው ጫፍ ከወለሉ ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ይነሳ፣ አዳራሻችን ወለሉ ሜዳ ነው፣ ነጠላ የለበሰ፣ ሻሽ ያሰረ፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው ሁሉ ከፊት አለ።

ፕሮጀክተር ለጨለመ አዳራሽ ከ3000 እስከ 4000 ሉመን (የብርሃኑ ጉልበት መለኪያ ነው) ይበቃል። ርቀቱን አትገምቱ፣ አስሉት፣ ፕሮጀክተሩ ማኑዋል ላይ የስክሪን ወርድና የርቀት ምጣኔ አለ፣ 1.5 ከሆነ ለ3 ሜትር ወርድ 4 ሜትር ተኩል ርቀት ማለት ነው። ያ ቦታ መሀል መተላለፊያ ላይ ሊያርፍ ይችላል፣ ጠረጴዛ አስቀምጡ፣ ኬብሉን በፕላስተር ወለሉ ላይ ለጥፉት፣ ህጻን ልጅ ሮጦ እንዳይጠልፈው። የኤችዲኤምአይ ኬብል ከ10 ሜትር ሲያልፍ ተራው አይነት መቆራረጥ ይጀምራል፣ ላፕቶፑን ወደ ፕሮጀክተሩ አቅርቡና በምትኩ የድምፁን ኬብል አርዝሙ።

ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ይሄን አድርጉ፦ ኔት አጥፉ፣ ስክሪን ሴቨሩን አጥፉ፣ የዊንዶውስ አፕዴት አስቁሙ፣ ከቴሌግራም ውጡ። በፊልሙ አሳዛኝ ቦታ ላይ "አንቺ የት ነሽ" የሚል ሜሴጅ በሶስት ሜትር ስክሪን ላይ ሲወጣ ከተማው ለወር ያወራዋል። ፊልሙ በሁለት ፍላሽ ይቀመጥ፣ ፋት32 የሆነ ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት። የአማርኛ ሰብታይትል ካለው ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 ይቀመጥ፣ በማጫወቻው ላይ ፎንቱን ኒያላ ወይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ምረጡ፣ አለበለዚያ ፊደሉ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። እና ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዚያው ላፕቶፕ አንዴ እዩት፣ መጀመሪያውን አምስት ደቂቃ አይቶ "ይሰራል" ማለት አይሰራም።

8. ድምፅ

ሳውንድማኑን ምረጡ፣ እቃውን አይደለም። ትልቅ ሞንታርቦ ያለው የሰርግ ሳውንድማን ሁሉንም ነገር እስከ ጥግ ከፍቶ ነው የለመደው። 200 ሰው ለሚይዝ አዳራሽ ሁለት በቁመታቸው ከሰው ራስ በላይ የተሰቀሉ ሞንታርቦዎች፣ አንድ ሞኒተር (ሙዚቀኛው ራሱን እንዲሰማ ወደ እሱ የሚዞር ሞንታርቦ) እና 8 ቻናል ሚክሰር ለብዙው ፕሮግራም ይበቃል። ሞንታርቦዎቹ ከማይኮቹ ፊት ይቁሙ እንጂ ከኋላ አይደለም፣ ከኋላ ከሆኑ ድምፁ ተመልሶ ማይክ ውስጥ ይገባል፣ ያ ነው የሚያፏጨው።

ማሲንቆ ላይ ማይኩን ወደ ቆዳው አዙሩት፣ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ። በጣም ስታስጠጉት የቅስቱ መፋቅ ብቻ ይሰማል፣ ስታርቁት የዘፋኙ ድምፅ ይገባበታል። ዋሽንት ሲሆን ደግሞ ማይኩ ልክ አፉ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን ዘወር ይበል፣ ትንፋሹ "ፉፍ ፉፍ" እንዳይል። ክራር ፒክአፕ (ክራሩ ላይ የሚገጠም ድምፅ ተቀባይ) ካለው በጃክ ቀጥታ ይግባ። ከበሮ በትንሽ አዳራሽ ማይክ አያስፈልገውም፣ እመኑኝ።

"እምምም" የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ከሰማችሁ መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ከጠፋ ችግሩ እሱ ነው፣ ላፕቶፑንና ሚክሰሩን ከአንድ ሶኬት አድርጓቸው፣ ካልሆነም በባትሪ ይሂድ።

ሳውንድ ቼክ በ6 ሰዓት ይጀመር፣ ሰው ከመምጣቱ አንድ ሰዓት በፊት ይለቅ። አዳራሹ ባዶ እያለ የሚያስተጋባውን አይታችሁ አትደንግጡ፣ ሰው ራሱ ይውጠዋል።

9. መብራት

ይጠፋል ብላችሁ ተነሱ። ለሁለት ሞንታርቦ፣ ሚክሰር፣ ፕሮጀክተርና ጥቂት አምፖል 3 ኬቪኤ ጄኔሬተር ብዙ ጊዜ ይችላል፣ ግን ከእለቱ በፊት ሁሉንም ጭናችሁ ሀያ ደቂቃ አስነሱት። ከአዳራሹ ውጭ፣ ከመስኮትና ከበር ርቆ ይቁም፣ ጭሱ መርዝ ነው፣ ኮሪደር ውስጥ ጄኔሬተር ማስነሳት ሰው መግደል ነው። ቤንዚን የሚሞላው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ብቻ። የኤክስቴንሽኑን ጥቅልል ሙሉ በሙሉ ፍቱት፣ እንደተጠቀለለ ብዙ ከጫናችሁበት ይግልና ይቀልጣል።

ፕሮጀክተሩ አምፖል ያለው ከሆነ ዩፒኤስ ይኑረው። መብራት ድንገት ሲሄድ ፋኑ ይቆማል፣ አምፖሉ ግን እንደጋለ ነው፣ ሁለት ሶስቴ እንዲህ ከሆነ ይቃጠላል፣ አምፖሉ ደግሞ እንኳን በእኛ ከተማ አዲስ አበባም በቀላሉ አይገኝም። ዩፒኤሱ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ይይዘዋል።

መብራት በጠፋባት በዛች ሁለት ደቂቃ መድረክ መሪው ዝም እንዳይል። ክራር የምትመታዋን ልጅ ከጎን አስቀምጧት፣ ያለ ማይክ ትጫወት፣ ሰው እንደውም እሷን ያጨበጭብላታል።

10. ብር

ለስሌት ያህል እንውሰድ፣ ዋጋውን በራሳችሁ ከተማ ተኩት። አዳራሹ 200 ሰው ይይዛል። አትቁጠሩት 200 ብላችሁ፣ 120 በሉ። የአንድ ፕሮግራም ወጪ 36,000 ብር ቢሆንና ቲኬቱ 200 ብር ቢሆን 24,000 ገባ፣ 12,000 ጎደለ። ያቺን 12,000 ነው ስፖንሰር የምትፈልጉላት፣ እና ለአንድ ቀን ሳይሆን ለሲዝኑ ጠይቁ፣ ሆቴሉ አልጋ ይስጥ፣ ማተሚያ ቤቱ ባነር ይስጥ፣ ነጋዴው ቤንዚን ይቻል። የእቃ ስፖንሰር ከብር ስፖንሰር ይቀላል፣ ሰው ብር ሲባል ይሸሻል አልጋ ሲባል ግን "እሱማ አለ" ይላል።

የሲዝን ካርድ ሽጡ፣ ስምንቱን ቀን በስድስት ዋጋ። መምህራንና የባንክ ሰራተኞች ይገዙታል፣ ብሩ በመስከረም በእጃችሁ ይገባል፣ ቀብዱን በዛ ትከፍላላችሁ። ለተማሪ ግማሽ ዋጋ። በነጻ የሚገቡትን ግን ስም ዝርዝር አውጡላቸው፣ ካልሆነ "እኔ የእገሌ ወንድም ነኝ" የሚል ሰው የፊቱን ወንበር በሙሉ ይዞ ታገኙታላችሁ። ቲኬቱ ቁጥርና ማህተም ይኑረው፣ ቆራጩና ተቀባዩ ሁለት ሰው ይሁኑ።

ሻይ፣ ቡና፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻ ሰፈር ላሉ እናቶች ስጧቸው፣ ትንሽ የቦታ ኪራይ ይክፈሉ ወይ አይክፈሉ፣ ሰው በእረፍት ሰዓት እንዳይበተን ማድረጋቸው ይበቃል።

11. ማስታወቂያ

ፖስተር፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ ሁሉም ይሁን፣ ግን ትንሽ ከተማ ላይ የሚሰራው የገበያ ቀን ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭኖ መዞር ነው። አጭር ቅጂ ቅረጹ፣ 30 ሰከንድ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ዋጋ፣ ከስሩ የሚጫወተው ሰው ራሱ የሚጫወተው ዜማ። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ለቅሶ ቤት አጠገብ ሲደርስ ይጥፋ፣ ሹፌሩን አስጠንቅቁት። የትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ አርብ ጠዋት ማስነገርም አይርሳችሁ። ፖስተሩ ላይ የሚቀጥለው ፕሮግራም ቀንም ከታች በትንሹ ይኑር፣ ሁሌም።

12. የእለቱ እለት

3 ሰዓት ላይ ወንበር ይገባል (ከእድር ከተዋሳችሁ ቆጥራችሁ ፈርሙ፣ እግሩ የተሰበረውን ቀድማችሁ አሳዩ)። 6 ሰዓት ሳውንድ ቼክ። 8 ሰዓት በር ይከፈታል። 9 ሰዓት ይጀመራል።

9 ሰዓት ማለት 9 ሰዓት ነው። አዳራሹ ውስጥ አርባ ሰው ብቻ ቢኖርም፣ የክብር እንግዳው ባይደርስም ጀምሩ። መጀመሪያ ቀን ሰው ይቆጣል፣ ሁለተኛው ላይ ይሮጣል፣ ሶስተኛው ላይ 8:40 ተሰልፎ ታገኙታላችሁ። "ሰው እስኪመጣ ትንሽ እንጠብቅ" ካላችሁ ግን በሰዓቱ የመጣውን ቀጥታችሁ ያረፈደውን ሸለማችሁ፣ በሚቀጥለው ሁሉም ያረፍዳል።

ከአንድ ሰዓት ተኩል አይለፍ፣ እረፍቱን ጨምሮ። ፊልም ከሆነ ርዝመቱን አይታችሁ ውይይቱን 20 ደቂቃ ስጡት። ደጋ ከሆናችሁ፣ እንደ ደብረ ብርሃን ያለ ቦታ፣ በጥር ከ12 ሰዓት በኋላ ሰው ብርዱን ፈርቶ በራሱ ይወጣል። ቆላ ላይ፣ አርባ ምንጭ ወይ አዋሽ ለምሳሌ፣ ከሰዓቱ ሙቀት አዳራሽ ውስጥ አያስቀምጥም፣ እዛ ፊልሙን ግቢ ውስጥ በማታ አድርጉት፣ እኛ አገር በሲዝኑ ወራት ብዙ ቦታ ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ይጨልማል፣ 1:15 ጀምሩ።

ሲያልቅ መድረክ መሪው የሚቀጥለውን ቀን ከማመስገኑ በፊት ይናገር፣ ምስጋና ሲጀመር ሰው ይነሳል።

ከዛ አርቲስቱ ይከፈለው፣ እዛው፣ በዛው ምሽት፣ ቀሪው ክፍያ በሙሉ፣ በፊርማ። "ሰኞ ባንክ ሲከፈት" አይባልም። ሳውንድማኑም እንደዛው። ቲኬቱ በሁለት ሰው ፊት ይቆጠር፣ የተሸጠው፣ የተረፈው፣ የገባው ብር በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሶስት ሰው ይፈርምበት፣ ፎቶ ተነስቶ የኮሚቴው ግሩፕ ላይ ይግባ። አዳራሹ ይጠረግ፣ ጥቁሩ ላስቲክ ካለበት አይነሳ፣ አቡጀዲው ተጠቅልሎ (ታጥፎ አይደለም፣ ሽብሽቡ ስክሪን ላይ ይታያል) ይቀመጥ። የእድሩ ወንበር እዛው ማታ ይመለስ፣ ለነገ ከተባለ ሌሊት ለቅሶ ቢመጣ እድሩ ወንበር አጥቶ ያድራል፣ ከዛ በኋላ ማንም አያውሳችሁም።